በር ተዘግቶ የሚወቀጠው ድንጋይ

አስካለ ማርያም ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ብትጠየቅ ራሷም አትክድም። መሐል ሜዳ ከገበያው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ቤት የሚያውቅ ሁሉ፣ በሯ ክረምት ከበጋ ተዘግቶ እንደሚውል ያውቃል። ሌላው የመንዝ ሰው በሩን የሚዘጋው ብርዱን ሸሽቶ ነው። አስካለ የምትዘጋው ዓይን ሸሽታ ነው።

ሥራዋ ሸክላ ነው። ምጣድ ትሠራለች፣ ድስት ትሠራለች፣ አልፎ አልፎም ገንቦ። አሁን አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገጣጥሙ ሰዎች፣ ሽቦ የሚቀበርበት ቦይ ያለው ምጣድ ያዟታል፤ እሱንም ታውቅበታለች። የእሷ ምጣድ አይሰነጠቅም። ከቀየት ድረስ በአህያ እየመጡ የሚወስዱ ሴቶች አሉ። ታዲያ እነዚሁ ሴቶች ዕቃውን አመስግነው ሲያበቁ ደጃፏ ላይ አይቆዩም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ጥሩ አይደለም የሚለው የድሮ ወሬ ዛሬም ከሰው ሆድ አልወጣም፤ ያዘሉትን ልጅ በነጠላ ሸፈን አድርገው ፈጠን ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። ሰው አስካለን ይጠረጥራል፣ አስካለም ሰውን ትጠረጥራለች፤ እንዲህ ሲጠራጠሩ እሷም ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላት።

በሩ የሚዘጋበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሸክላ ከጭቃ ብቻ አይሠራም። የተሰበረ ሸክላ፣ ገል የምንለው፣ ተወቅጦ በወንፊት ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይለወሳል፤ ይህን የማያውቅ ሸክላ ሠሪ የለም። አስካለ ግን ገሉ ላይ ሁለት እፍኝ ሌላ ነገር ትጨምራለች። ወደ መርሐቤቴ በሚያወርደው ቆላ ከወንዝ ዳር የሚለቀም፣ ሲሰበር የሚያብለጨልጭ ነጭ ድንጋይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብላ ትወርድና ጆንያ ሞልታ፣ ላዩን በሎሚ ሸፍና ታመጣዋለች። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ፣ ዱቄት እስኪሆን ትወቅጠዋለች።

ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቷም ስትወቅጥ በር ትዘጋ ነበር። ይህ የቤታችን ነው፣ ለጎረቤት አይታይም ትላት ነበር። እናቷ በሳል ነው የሞተችው፤ ሰው ብርድ መታት አለ፣ ቀብሮም ተመለሰ። አስካለ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሙቀጫውንም፣ ዘነዘናውንም፣ የተዘጋውንም በር ወረሰች። ምጣዴ የማይሰነጠቀው በዚህ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ የታወቀ ዕለት እንጀራዬ አለቀ፤ ብላ እንደ ጸሎት ይዛው ኖረች። ለአንድ ልጇ ለገሊላ እንኳ አልነገረቻትም። ገሊላ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትወቅጣለች፣ ስትመጣ ቤቱ ተጠርጎ ይጠብቃታል።

ሳሉ ከሦስት ዓመት በፊት ጀመራት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች፣ ቀጥላ ብርድ ነው አለች፣ ከዚያ ምንም ማለት ተወች። ገሊላ አድጋ ደብረ ብርሃን ሒሳብ ታስተምራለች፤ ለፋሲካ ስትመጣ እናቷ ከጓዳ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ ስትተነፍስ አየች። በዓሉ እንዳለፈ ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ደረቷን ፎቶ አስነሥቶ አየና አቧራ ነው አለ። ደቃቅ የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ እንደማይወጣ ነገራቸው፤ ቤትዎ ድንጋይ ይወቅጣሉ ወይ ብሎም ጠየቃት። አስካለ ከሆዷ የወጣችው ልጇ እንኳ የማታውቀውን ነገር ለማታውቀው ሰው ልትናገር? ገል ብቻ ነው አለች። ሐኪሙ እንግዲያው በሩን ከፍተው፣ ውኃ እየረጩ ይሥሩ ብሎ መከራት። አስካለ ራሷን ነቀነቀች፤ ገሊላ የእሺታ መሰላት።

ቤት ሲገቡ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ገሊላ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እናቷ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ልጅቷ ደክሟት፣ በሩ ካልተከፈተ አየሩ ይጽዳ ብላ፣ ከአዲስ አበባ አስልካ አየር የሚያጸዳ ማሽን አመጣች።

ነጭ ነው፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። ከጎኑ አቧራውን እየሳበ ያስገባል፣ በሆዱ ባለው ማጣሪያ ያስቀረዋል፣ የጸዳውን አየር ከላይ ይተፋል። ግንባሩ ላይ አንዲት መብራት አለችው፤ አየሩ ንጹሕ ሲሆን ሰማያዊ ትበራለች፣ አቧራ ሲነሣ ቀይ ትሆናለች። አስካለ ይህን ስትሰማ ነገሩ አልጣማትም። ገሊላ ወደ ደብረ ብርሃን የተመለሰች ዕለት በሩን ዘግታ ዘነዘናውን ገና ሁለት ጊዜ ስታነሣ ማሽኑ ቀይ ሆኖ ማጓራት ጀመረ። አስካለ ደንግጣ ወደ በሩ ዞረች። ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ነገር አይቶ የሚጮህ ዕቃ መቼም አይታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን አሳባቂው አለችው። መብራቷንም ቴሌቪዥኗን የምትሸፍንበትን ዳንቴል አጥፋ ሸፈነችባት።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። እሷን እንቅልፍ የነሣት ምስክር የሚባል ሰው ነው። ምስክር ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ከገሊላ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። እሱ ፊልትሮ የሚለው የማሽኑ ማጣሪያ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይራገፋል። ምስክር በየወሩ መጥቶ ንጹሑን አስገብቶ፣ የቆሸሸውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለገሊላ ልኮ፣ በከረጢት ይዞት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ከተራገፈማ አቧራው ተመልሶ እናቷ ላይ ነው፤ ገሊላ ይህን አስባ ነው። ያላሰበችው ነገር ቢኖር ምስክር የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ምስክር የዓለሚቱ ልጅ ነው።

ዓለሚቱ ከቁልቁለቱ ማዶ ያለችው ሌላዋ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቶቻቸው ወዳጆች ነበሩ፤ እነሱም በልጅነታቸው አብረው ጭቃ ረግጠዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን ዓለሚቱ ገበያ ላይ ለአንዲት ገዢ የአስካለ አፈር ምን እንደሆነ እንጃ አለች የሚል ወሬ አስካለ ጆሮ ደረሰ። ትበል አትበል ያጣራ የለም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ እንኳ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ ነው።

በመጀመሪያው ወር ምስክር መጣና የማሽኑን ጀርባ ከፈተው። አስካለ ከአጠገቡ አልራቀችም። ማጣሪያውን ስቦ ሲያወጣው ጨርቁ ላይ አንድ ጣት የሚሆን ዱቄት ተጋግሮበታል። ምስክር በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

"እትዬ አስካለ፣ ገል ቀይ አይደል እንዴ? ይሄ ለምን ነጭ ሆነ?" አላት።

"አመድ ነው" አለች አስካለ።

እሱ ፎቶውን አነሣ፣ በከረጢት ጠቅልሎ ተሰናብቶ ወጣ። አስካለ በሩን ከኋላው ዘግታ በሽንቁሩ በዓይኗ ተከተለችው። ወደ መናኸሪያው አልወጣም። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ማዶ ተሻግሮ፣ እናቱ ግቢ ገባ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በተዘጋ በር የጠበቀችው ነገር፣ በከረጢት ተቋጥሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ዓለሚቱ እጅ ገባ።

ልጄ አታልላኝ ይሆን ብላ ሁሉ አሰበች። ይህ ማሽን ሳንባዬን ሊጠብቅ ነው ወይስ ጓዳዬን ሊያራቁት? ገሊላን ጠርጥራ ደግሞ መልሳ አፈረች፤ ልጅቷ የዋህ ናት፣ ተጠቅመውባት ነው ብላ ፈረደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አስካለ ዘነዘናዋን ይዛ ነበር፣ ማሽኑም እያጓራ ነው።

"አስካለ፣ እኔ ነኝ፤ ዓለሚቱ ነኝ። ክፈችልኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ ድምፁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓለሚቱ ያላንኳኳችው በር። አስካለ ዘነዘናውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች፣ እጇን ዘርግታ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። ቤቱ ጭጭ አለ። በዚያው ቅጽበት ሳሉ መጣ። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ደም ሥሯ ተገተረ፤ ግን አልሳለችም። ዓለሚቱ ሁለት ጊዜ ደግማ አንኳኳች፣ የሆነ ነገር ለራሷ አጉተመተመች፣ ከዚያ የእግሯ ኮቴ ራቀ። አስካለ ነጠላውን ስታወጣው መሬት ላይ ተደፍታ ለብዙ ጊዜ ሳለች። ሲለቃት ግን ፈገግ አለች፤ ድንጋዩን አውቃለች፣ አሁን የመጣችው ስንት እፍኝ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው፣ ትጠብቃለቻ አለች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን መናገር እኔንም ያሳፍረኛል። ማጣሪያው ከአዲስ አበባ ሲመጣ የተጠቀለለበትን ፌስታል አልጣለችውም ነበር፤ ፌስታል የሚጥል ሰው አይደለችም። የማሽኑን ጀርባ ምስክር ሲከፍት አይታ ተምራለች። ከፈተች፣ ማጣሪያውን አወጣች፣ ያንኑ ፌስታል መልሳ አለበሰችው፣ አፉን በክር አስራ ወደ ቦታው መለሰችው። ማሽኑ ሲነሣ ያጓራል፣ መብራቷም ከዳንቴሉ ሥር ቀይ እንደሆነች ትውላለች፤ የሚገባ የሚወጣ አየር ግን የለም። አስካለ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ነጩን ድንጋይ ወቀጠች። እንዲህ ተዝናንታ ወቅጣ አታውቅም።

ምስክር ሁልጊዜ ከመምጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይደውላል። ሲደውል ፌስታሉን አውልቃ ትደብቃለች፣ ማጣሪያው ላይ ደግሞ ትንሽ ቀይ የገል ዱቄት በወንፊት ነፋ ታደርግበታለች። ባዶ ቢሆን ይጠረጥራላ። ምስክር አይቶ ተገረመ፤ ነጩ ጠፍቷል፣ አቧራውም ከስንት አንድ ነው። እትዬ አስካለ በርትተዋል፣ ሐኪሙ ያለዎትን ሰምተዋል ማለት ነው አላት። ፎቶው ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ ገሊላ ደውላ በደስታ አለቀሰች። በየወሩ እንዲህ እየተባለ አምስት ወር አለፈ።

ሳሉ ግን ፎቶ አይቶ የሚያምን አልሆነም። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ መርገጥ አቃታት፤ ተቀምጣ በእጇ ትለውስ ጀመር። መስከረም ላይ ተጋድማ መተኛት ስላቃታት ግድግዳ ተደግፋ ማደር ልማዷ ሆነ። ገሊላ እንደገና ወሰደቻት። ሐኪሙ በስልክ የመጡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ፤ አቧራው እንዲህ ከቀነሰ ሕመሙ በዚህ ፍጥነት መባስ አልነበረበትም፣ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል አለ። ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለቲቢ ማለት ነው፣ አክታ ሦስት ጊዜ ሰጠች፤ የለም ተባለ። የቀረው አዲስ አበባ ተልካ ከሳንባዋ ቁራጭ ተወስዶ መመርመር ነው፤ ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ተያዘ። ገሊላ ከእናቷ ፊት ዞር ብላ እንባዋን ጠረገች። ካንሰር የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረውም፤ ግን መኪና ውስጥ ሁለቱም የተጓዙት እሱን እያሰቡ ነው።

አስካለ ግን ታውቃለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ለሐኪሙ ብትነግረው ቢላውም ቀጠሮውም እንደሚቀር ታውቃለች። ፌስታሉን ለመናገር ግን ድንጋዩን መናገር አለባት። ልጇ ስታለቅስ እያየች አፏን ለጎመች፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ከየት እንዳመጣችው ለራሷም ገረማት።

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን ሁለት ምጣድ በገለባ አስራ አዝላ ወጣች። ዳገቱ መሀል ላይ እግሯ እንቢ አላት። ዕቃዋን አውርዳ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰው ያልፋል፣ አንዳንዱ እግዜር ይማርሽ ይላል፣ የሚቆም የለም። ዓለሚቱ ግን ቆመች። ከገበያ እየተመለሰች ነበር፤ ባዶ ገለባዋን አንጥፋ አጠገቧ ተቀመጠች። አስካለ ተነሥታ እንዳትሄድ ትንፋሽ የላትም።

"ነጩን ድንጋይ ከተውሽው አምስት ወር አለፈ አይደል? ሳሉ እንዴት እንዲህ ባሰብሽ?" አለቻት ዓለሚቱ።

"የምን ነጭ ድንጋይ?" አለች አስካለ።

ዓለሚቱ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ማዶው አዙራ ቀስ እያለች ተናገረች። የአስካለ እናትና የእሷ እናት በአንዲት አህያ አብረው ቆላ ይወርዱ ነበር፤ ሁለት ጆንያ ሞልተው፣ ላዩን በሎሚ ሸፍነው ይወጡ ነበር። ሁለቱም በር ዘግተው ይወቅጡ ነበር፣ ሁለቱም ለልጆቻቸው ይህ የቤታችን ነው ይሉ ነበር። የአስካለ እናት በሞተች በሦስት ዓመቷ የዓለሚቱ እናት በዚያው ሳል ሄደች። ዓለሚቱንም ራሷን ሳሉ ጀምሯት ነበር። አንድ የጤና ጣቢያ ሰው ድንጋዩን ተይ ብሎ ቢያስፈራራት ተወችው፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ በገል ብቻ ትሠራለች።

"ልጄ ያንን ማጣሪያ ግቢ አምጥቶ ሲያራግፈው ነጩን አየሁና ክው አልኩ" አለች ዓለሚቱ። "አሁንም አልተወችውም አልኩ። ልነግርሽ መጥቼ በርሽን አንኳኳሁ። ውስጥ እንደነበርሽ አውቃለሁ፤ ማሽኑን ስታጠፊው ሰምቻለሁ። ከዚያ በሚቀጥለው ወር ነጩ ሲጠፋ ደስ አለኝ። ተወችው፣ እንግዲህ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ቀረሁ።"

አስካለ መልስ ፈለገች። ያንቺማ ምጣድ ይሰነጠቃል ልትል አፏን ከፈተች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለገዢው ሁሉ ስትለው የኖረችው ነው። አሁን ግን የተሰነጠቀ የዓለሚቱን ምጣድ የት እንዳየች ብታስብ፣ ብታስብ፣ አንድ አጣች።

"ፌስታል አልብሼው ነው" አለች።

ዓለሚቱ አልገባትም፤ ዞር ብላ አየቻት።

"ማጣሪያውን። አቧራዬን እንዳትወስዱብኝ ፌስታል አልብሼው፣ ፊቱ ተቀምጬ ስወቅጥ ነው የኖርኩት።"

ዓለሚቱ ተነሣችና ከሁለቱ ምጣድ አንዱን አዘለች፣ ሌላውን በክንዷ ታቅፋ ወደ አስካለ ቤት ቁልቁል መራች። ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ግቢ ሳትባል፣ ሄደች።

አስካለ ቤት ገብታ ፌስታሉን አወለቀች። ነጭ ዱቄት ከላዩ ተንሸራቶ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ማሽኑ ከአምስት ወር በኋላ አየር ሲያገኝ ረስታው የነበረውን ድምፅ አሰማ። ታዲያ ዓለሚቱን አምና ተኛች መሰላችሁ? አልተኛችም። ግድግዳውን ተደግፋ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ይህች ሴት ድንጋዩን አስጥላኝ ምጣዴ ሲሰነጠቅ ገበያውን ልትወስደው ቢሆንስ? እንባዋስ የት አለ? ደርቃ ነው የተናገረችው።

ስለዚህ ሞከረችው። ሁለት ምጣድ ከአንድ ጭቃ ለወሰች፤ አንዱ ላይ ሁለቱን እፍኝ ጨመረች፣ አንዱን በገል ብቻ ሠራች። ከሥራቸው በምስማር ምልክት አደረገች፤ ድንጋይ ላለበት አንድ ጭረት፣ ለሌለበት ሁለት። ሁለት ሳምንት ተኩል ጥላ ውስጥ አደረቀቻቸው። ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር ጠዋት፣ ኩበትና ጭድ ከምራ በአንድ እሳት ተኮሰቻቸው። ዱላዋን ተደግፋ ነፋሱ ጭሱን በማያመጣባት በኩል ቆመች። እሳቱ ለማንም አያዳላም፤ እሷ የምታምነው እሱን ብቻ ነው።

ሲበርዱ አወጣቻቸው። ራሷንም አታምንምና ምልክቱን ሳታይ፣ ዓይኗን ጨፍና ቦታቸውን አለዋውጣ፣ በጣቷ አንጓ ቆረቆረቻቸው። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ደገመች። ምድጃ ላይ ጥዳ አግላ ውኃ ረጨችባቸው፤ ሁለቱም ችስስ አሉ እንጂ አንዱም ስንጥቅ አላወጣም። አንዱን ገልብጣ ሁለቱን ጭረት አየች። ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለጋትም።

መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተናደደችው እናቷ ላይ ነው። ለምን እንዲህ አደረግሽኝ አለቻት ጮክ ብላ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቷን እንዲህ ተናግራት አታውቅም። ቀጥሎ እናቷ በመጨረሻዋ ክረምት በዚሁ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ትንፋሽ ስትፈልግ ትዝ አላት፤ ያኔም መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ ነበር፣ የወተፈችውም እሷው ነበረች፣ እናቴ ብርድ እንዳይመታት ብላ። ይህን ስታስታውስ አለቀሰች። ማልቀሱ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ልቅሶ ሆነ።

ሲበርድላት ስልኳን አንሥታ ለገሊላ ደወለችላት።

"ልጄ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። አቧራው የኔ ነው። ድንጋይ እወቅጣለሁ፤ ማሽኑንም ያሳወርኩት እኔ ነኝ" አለቻት። ገሊላ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አለቻት። አስካለም ነገረቻት፣ ሎሚውን ሳይቀር።

ሐኪሙ አልተቆጣም። የአዲስ አበባው ጉዞ ለጊዜው እንዲቆይ አደረገ። እውነቱን ግን አልሸሸገም፤ የገባው ገብቷል፣ አይወጣም፤ የሚቻለው ሌላ እንዳይጨመር ነው አለ። አምስቱ ወር ብዙ እንደጎዳትም ነገራት። አስካለ ይህን ፍርድ ያለ ጥርጣሬ ተቀበለችው፤ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ ከተቀበለቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

የተረፈውን ነጭ ድንጋይ ወንዙ ውስጥ ጣለችው። ሰው እንዳያያት ግን ዳር ዳሩን አጮልቃ አይታ ነው የጣለችው፤ ልማድ ነው፣ ምን ታድርግ። መስኮቱ ላይ የነበረውን ጨርቅ አነሣች። ገሉን ውኃ አርከፍክፋ፣ አርጥባ መውቀጥ ጀመረች፤ ያስቸግራል፣ ግን አቧራ አይነሣም። ዳንቴሉንም ከማሽኑ ላይ አንሥታ ለቴሌቪዥኑ መለሰችው። መብራቷ አሁን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ናት። አስካለ ግን አልፎ አልፎ በጎን እያየች፣ ይህ አሳባቂ ደግሞ ምን እያሰበ ነው ትላለች።

በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። የኅዳር ብርድ ነው ምክንያቷ። እውነትም የኅዳር ብርድ የዋዛ አይደለም፤ ግን እኔም አላመንኳትም።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የማን እጅ እንደሆነ አወቀችው፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደዚያን ቀን። አስካለ ዘነዘናዋን አስቀመጠች። እጇ ከራሷ ቀድሞ ወደ ማሽኑ ገመድ ሄደ። ሳሉም ጊዜውን ጠብቆ መጣ፤ ሌላው እጇ ነጠላዋን ጠቅልሎ ወደ አፏ አነሣ።

ከዚያ ሁለቱንም ለቀቀች። ማሽኑ ማጉረምረሙን ቀጠለ። እሷም ጉልበቷን ይዛ፣ እስከ ውጭ እስኪሰማ፣ እስኪበቃት ድረስ ሳለች። ደጅ ያለችው ሴት ሳሉ እስኪያልቅ ዝም ብላ ጠበቀች።

"በሩ አልተቀረቀረም፤ ግቢ" አለች አስካለ።